እሳት የሚደርስበትና እሳት የማይደርስበት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ድስት ውስጥ ጨምራችሁ እሳት ላይ ጣዱና ቴርሞሜትር ክተቱበት። ሲጣድ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው ውሃ 40፣ 60፣ 80 እያለ ይወጣል። 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ይቆማል። እሳቱ አልጠፋም። ማገዶ ብትጨምሩበትም ውሃው ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ቴርሞሜትሩ ፈቀቅ አይልም። ድስቱ ውስጥ ጠብታ እስካለ ድረስ ቁጥሩ እዚያው ነው። ታዲያ ከሥር ያለማቋረጥ የሚገባው ሙቀት የት ይሄዳል?

ጥያቄውን በልኬት የመለሰው ጆሴፍ ብላክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪምና ኬሚስት ነው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በረዶ ሲቀልጥም ሆነ ውሃ ሲፈላ ብዙ ሙቀት እንደሚውጥ፣ ቴርሞሜትሩ ግን ይህን እንደማያሳይ አረጋገጠ። ሙቀቱንም ድብቅ ሙቀት አለው። በዛሬ ልኬት ስናየው መጠኑ ያስገርማል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ አንድም ጠብታ ሳይቀር ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ይፈጃል፤ ከማሞቂያው ሰባት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቀዋል። ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ፈልቶ ፈልቶ እስኪመጥ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

መልሱ ያለው ከዓይናችን በታች፣ በቅንጣቶቹ ዘንድ ነው። ውሃ የሚሠራው ከሞለኪውሎች ነው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ደግሞ ከአንድ ኦክስጅንና ከሁለት ሃይድሮጅን አቶሞች። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፣ ደግሞም ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ። የሙቀት መጠን የምንለው የዚህን እንቅስቃሴ አማካይ ኃይል ነው። እሳቱ ውሃውን ሲያሞቀው እንቅስቃሴው ይጨምራል፣ ቴርሞሜትሩም ይወጣል። የመፍላት ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን የሚገባው ሙቀት ሥራው ይለወጣል፤ ሞለኪውሎቹን ማፍጠኑን ትቶ አንዱን ከሌላው መሳሳብ ማላቀቅ ይጀምራል። አማካይ ፍጥነታቸው ስላልጨመረ ቴርሞሜትሩ የሚያነበው አዲስ ነገር የለም። ሙቀቱ በሙሉ ለመለያየት ዋጋ ተከፍሏል።

በረዶ ላይም ይኸው ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶችን ይዞ ቦታው ላይ ይርገበገባል እንጂ ከቦታው አይለቅም። አያያዛቸው መካከሉ ክፍት የሆነ ስድስት ማዕዘን ይሠራል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ የሚሰፋው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረሳ ሙሉ ጠርሙስም የሚፈነዳው ከዚህ የተነሳ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ በዜሮ ዲግሪ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ያስፈልጋል። የቀለጠውን ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅም የሚበቃው ያንኑ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። ከሚፈላ ውሃ ሥር የሚነሱት አረፋዎች ውስጥ ያለው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ አየር ነው ወይም ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ነው የሚል መልስ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ፣ ውሃው ሳይፈላ፣ በውስጡ ሟሙቶ የነበረ ጥቂት አየር በትናንሽ አረፋ መልክ እንደሚወጣ እውነት ነው። ሲንተከተክ የሚወጡት ትልልቅ አረፋዎች ግን ውሃ ናቸው፤ ጋዝ የሆነ ውሃ። የእንጨትም ሆነ የኤሌክትሪክ እሳት አንዱን ሞለኪውል ከሌላው ያርቃል እንጂ ሞለኪውሉን ራሱን አይሰብረውም። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚንጠባጠበው ያው ውሃ ነው። የሁነት ለውጥ ሁሉ እንዲህ መመለሻ አለው። ሰም ይቀልጣል ይረጋል፤ ቅቤም እንዲሁ።

ለምን በ92 ዲግሪ ፈላ? መጻሕፍት የሚያስተምሩት 100 ነው። 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አረፋው ተፈጥሮ እንዲያድግ ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም አለበት። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ሞለኪውሎቹ በአነስተኛ ኃይል ያሸንፉታል። ድሬዳዋ ዝቅ ስለምትል እዚያ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ እስኪበስል ጊዜ የሚፈጀው እሳቱ ደክሞ አይደለም፤ ውሃው ከ92 በላይ መሞቅ ስለማይችል ነው። እንፋሎት የሚያፍን የግፊት ድስት ግፊቱን ከፍ አድርጎ ውሃውን ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል።

ሳይፈላም ውሃ ይተናል። በሸክላ እንስራ ያደረ ውሃ ቀዝቃዛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሸክላው ቀዳዳ አለው፤ ውሃው በጥቂቱ ወደ ውጭ ይሰርጋል። እዚያ ላይ ካሉት ሞለኪውሎች መካከል ከጎረቤቶቻቸው ስበት አምልጠው አየር ላይ የሚወጡት ፈጣኖቹ ናቸው። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት አማካይ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ውሃው ቀዘቀዘ ማለት ነው። ትነት መራጭ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወሰነው በእያንዳንዱ ሞለኪውል የያኔ ፍጥነትና በጎረቤቶቹ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ለምንነጋገርበት ለውጥ ቁልፉ እርሱ ነው።

ሌላው ለውጥ የራዲዮአክቲቭ አቶሞች መፍረስ ነው። ሲያዩት ከትነት ጋር ይመሳሰላል። እዚያም አንድ ክምር አለ፤ ከክምሩ ቅንጣቶች እየወጡ ይሄዳሉ፤ ክምሩም ይመነምናል። ስለዚህ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ዓይን ያየዋል። ብናሞቀው ቶሎ ያልቃል፣ ብናቀዘቅዘው ይዘገያል፣ ብናቃጥለው ይጠፋል ብሎ ያስባል። ሦስቱም ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑን ያሳዩት ደግሞ በድስትና በምድጃ የደከሙ ሰዎች ናቸው።

አንሪ ቤኬሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ በ1896 ካስተዋለ በኋላ፣ ማሪ ኩሪ በ1898 የዩራኒየም ውህዶችን አንድ በአንድ ለካች። ዱቄት ቢሆን፣ እርጥብ ቢሆን፣ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ቢዋሃድ፣ ቢሞቅ፣ የጨረሩን ብዛት የሚወስነው በውስጡ ያለው የዩራኒየም መጠን ብቻ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ የፒችብሌንድ ማዕድን በቶን እያስመጣች፣ ፓሪስ ውስጥ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን፣ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግ የሚፈላውን ጋን ስታማስል ዋለች። ታሟሟዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ታረጋዋለች፣ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ እንደገና ታሟሟዋለች። በየደረጃው በኤሌክትሮሜትር እየለካች ጨረሩ ያለበትን ክፍል ታስቀራለች፣ የቀረውን ትጥላለች። በ1902 እጇ ላይ የቀረው አንድ አሥረኛ ግራም የራዲየም ክሎራይድ ነበር። ያን ሁሉ ሲፈላ፣ ሲሟሟና ሲረጋ ያለፈው ራዲየም በመንገዱ ሁሉ ጨረሩን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ባይሆንማ ኖሮ ተከትላው ልታገኘው አትችልም ነበር።

ወደ ሌላኛው ጫፍም ሄዳ ሞከረች። ከፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦንስ ጋር በ1913 ባሳተመችው ሙከራ ራዲየምን በፈሳሽ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ አቀዝቅዘውት ነበር። በዚያ ብርድ አየር ራሱ ጠጣር ይሆናል። የራዲየሙ ጨረር ግን አልተለወጠም።

ምክንያቱ የሚፈርሰው ነገር ያለበት ቦታ ነው። መቅለጥ፣ መትነን፣ መቃጠል፣ ሁሉም የአቶሞች የውጭ ጉዳይ ነው፤ የኤሌክትሮኖችና የጎረቤቶች ጉዳይ። መፍረስ የሚካሄደው በኒውክለሱ ውስጥ ነው። ኒውክለስ ከአቶሙ ከ10,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ሲሆን፣ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች እጅግ በጠነከረ ኃይል ታስረው የሚኖሩበት ነው። ሁለቱን ዓለማት በቁጥር ላወዳድራችሁ። አንድ የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ተላቆ ጋዝ ለመሆን 0.42 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይፈልጋል። አንድ የዩራኒየም-238 አቶም ሲፈርስ የሚለቀቀው ኃይል ከ4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይበልጣል። ልዩነቱ አሥር ሚሊዮን እጥፍ ነው። አንድ ሺህ ዲግሪ የጋለ ምድጃ ለእያንዳንዱ ቅንጣት የሚያቀብለው 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ለኒውክለስ ከምንም አይቆጠርም።

ታዲያ ሙቀት ካላዘዘው ማን ያዘዋል? ኧርነስት ራዘርፎርድ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሳለ ከቶሪየም የሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ይመረምር ነበር። የጋዙ ጨረር በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ደቂቃ የቀረው ይጠፋል ብላችሁ ብትጠብቁ አይሆንም፤ የቀረው በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ የዚያ ግማሽ፣ ከዚያ የዚያ ግማሽ። 1,000 አቶሞች ቢኖሩ 500፣ 250፣ 125 እያለ ይወርዳል። ግማሹ የሚፈርስበት ይህ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት አቶምም የታወቀ ነው። ለአዮዲን-131 8 ቀን፣ ለሲዚየም-137 30 ዓመት፣ ለካርቦን-14 5,730 ዓመት፣ ለዩራኒየም-238 ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ከሺዎቹ የትኞቹ 500 ይፈርሳሉ? በእንስራው ላይ ለተመሳሳይ ጥያቄ መልስ ነበረን፤ ፈጣኖቹ ብለናል። እዚህ መልስ የለም። የሚፈርሰው አቶም ከማይፈርሰው አጠገቡ ካለው በምንም አይለይም። አላረጀም፣ አልደከመም፣ አልሞቀም። ከሰው ጋር ብናስተያየው፣ የ20 ዓመት ወጣትና የ90 ዓመት አዛውንት የመጪውን ዓመት መስቀል የማየት ዕድላቸው እኩል አይደለም፤ ሰው ያረጃል። አቶም አያረጅም። ከመሬት መፈጠር በፊት ጀምሮ የኖረ የዩራኒየም አቶምና ዛሬ የተፈጠረ የዩራኒየም አቶም ነገ የመፍረስ ዕድላቸው አንድ ነው። ጆርጅ ጋሞቭ በ1928 እንዳስረዳው፣ ከኒውክለሱ የሚወጣው፣ አልፋ የሚባለው ቅንጣት ውስጥ አስሮ የያዘውን የኃይል ግድግዳ ለመዝለል የሚበቃ ኃይል የለውም፤ በኳንተም ሕግ ግን እጅግ አነስተኛ በሆነ ዕድል ግድግዳውን አልፎ ውጭ ይገኛል። ሕጉ የሚሰጠው ዕድሉን ብቻ ነው፤ ቀኑን አይሰጥም። ነገር ግን አቶሞቹ ብዙ ቢሊዮን ሲሆኑ ያ ዕድል እንደ ሰዓት የሚታመን ልኬት ይሆናል። በግሌ በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

ሌላም ልዩነት አለ። የተነነ ውሃ ውሃ ነው፤ የፈረሰ አቶም ግን ሌላ ንጥረ ነገር ሆኗል። ራዲየም ብረት ነው፣ ጠጣር። የአልፋ ቅንጣት ሲያወጣ ራዶን ይሆናል፤ ራዶን ጋዝ ነው። ማንም ሳያሞቀው፣ ከጠጣር አለት መካከል ጋዝ ተወልዶ በስንጥቅ ይወጣል። ግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን የሆነው ይህ ጋዝ ነው አየር በማይገባባቸው ምድር ቤቶች ተጠራቅሞ፣ ከማጨስ ቀጥሎ ዋነኛ የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው ተብሎ በዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀሰው። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እየፈረሰ መጨረሻው እርሳስ ነው፤ ወደ ራዲየም የሚመለስበት መንገድ የለም።

ሕጉ ጥቂት ጠባብ በሮች እንዳሉት መደበቅ አልፈልግም። ቤሪሊየም-7 የሚፈርሰው ከራሱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ውጦ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹን የሚነካ ውህደት ፍጥነቱን ከአንድ በመቶ ባነሰ መጠን ይለውጠዋል። በ1996 ጀርመን ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ በሙሉ የተገፈፉለት ሬኒየም-187፣ ከ40 ቢሊዮን ዓመት በላይ የነበረው ግማሽ ዕድሜው ወደ 33 ዓመት ወርዶ ታይቷል። እንዲህ ያለ ነገር የሚደረገው ግን በግዙፍ ማፍጠኛ ማሽን ነው። ምድጃ፣ አሲድና መዶሻ ያንን አይሠሩም።

ይህን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። በመስከረም 1987 ብራዚል ውስጥ፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና ተቋም አንድ የጨረር ማሽን ተሰርቆ ለቁራሌው ተሸጠ። በውስጡ 93 ግራም ገደማ የሲዚየም ክሎራይድ ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ስለነበር ሰዎች እየቆነጠሩ ለዘመድ አከፋፈሉት፣ ገላቸውን ተቀቡት። ዱቄቱ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው፤ በላብ፣ በዝናብና በእጅ ተሰራጨ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፣ ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ። ቤቶች ፈርሰው፣ አፈር ተዝቆ ተወሰደ። መታጠብ ሲዚየሙን ከቆዳ ላይ ያነሳዋል፤ ሲዚየምነቱን ግን አያጠፋለትም። ወዴት እንደሄደ ከመከታተልና ተሰብስቦ 30፣ 60፣ 90 ዓመት እስኪያልፈው ከመጠበቅ ሌላ መንገድ አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ አፋር እንሂድ። እዚያ ሁለቱ ለውጦች አብረው የሠሩት ሥራ አለ።

ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽ (ሉሲ) የተባለችው የጥንት ቅሪተ አካል ስትገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜዋ ነበር። አጥንቷ በካርቦን-14 አይለካም፤ ካርቦኑ ከ50,000 ዓመት በኋላ ለመለካት እስከማይበቃ ድረስ ያልቃል። ሊቃውንቱ ያዩት አጥንቷን ሳይሆን በአካባቢዋ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባሉ፣ ፖታሺየም ያለባቸው ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ፖታሺየም በሁሉም ቦታ አለ፤ በድንች፣ በሙዝ፣ በሰውነታችንም። ከ10,000 የፖታሺየም አቶሞች አንዱ ገደማ ፖታሺየም-40 ነው፣ ራዲዮአክቲቭ። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ አቶሞች ይፈርሳሉ። ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሱት 100 ውስጥ 89 ገደማ ካልሲየም፣ 11 ገደማ አርጎን ይሆናሉ።

አርጎን ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። አለቱ ቀልጦ ከመሬት በታች ሳለ ፖታሺየሙ ይፈርሳል፣ አርጎንም ይወለዳል፤ ነገር ግን በዚያ ግለት ቅንጣቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ጋዙ ሾልኮ ይወጣል፣ አይጠራቀምም። እሳተ ገሞራው ፈንድቶ አመዱ ሲቀዘቅዝ በክሪስታሉ ውስጥ ያሉት አቶሞች በየቦታቸው ይቆልፋሉ። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የሚወለደው አርጎን መውጫ የለውም። ማቅለጥ የመፍረሱን ፍጥነት አልነካውም፤ የነካው የአርጎኑን መውጫ ነው። ሙቀት በሩን ይከፍታል፣ ብርድ ይዘጋዋል፣ ውስጥ ያለው ቆጠራ ግን ሁለቱንም ሳይሰማ ይቀጥላል።

በቤተ ሙከራ ክሪስታሎቹ በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ ይለቀማሉ። አንድ አሮጌ ፍሬ ከሌላ ቦታ ታጥቦ መጥቶ ቢቀላቀል ውጤቱን ያበላሻልና። ከዚያ ኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ገብተው በኒውትሮን ይመታሉ፤ ከተራው ፖታሺየም ጥቂቱ አርጎን-39 ይሆናል፣ የፖታሺየሙንም መጠን ያሳውቃል። በመጨረሻ አንዷ ፍሬ በሌዘር ትቀልጣለች። በሩ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። የተቆለፈው ጋዝ ይወጣል፣ መለኪያ መሣሪያም አርጎን-39ኙንና ከፖታሺየም-40 መፍረስ የተወለደውን አርጎን-40 በክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራል። የሚቆጠረው እጅግ ጥቂት ነው። በ3.18 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ100,000 የፖታሺየም-40 አቶሞች የሚፈርሱት 176 ገደማ ናቸው፤ ከእነዚያም አርጎን የሚሆኑት 19 ያህል ብቻ።

ጂኦሎጂስቱ ሮበርት ዋልተር ከካዳ ሐዳር የአመድ ንብርብር ክሪስታሎች በዚህ መንገድ ያገኘውን ዕድሜ በ1994 አሳተመ፤ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ የስሕተት ወሰኑ 10,000 ዓመት ያህል። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ከልጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ ድንቅነሽ ፊት ስትቆሙ፣ ዕድሜዋ የተነበበው ከአጥንቷ ሳይሆን ከአመዱ መሆኑን ንገሯቸው። እንዴት ብለው ከጠየቋችሁም በሚፈላ ድስት ጀምሩላቸው።